ሳቁን እንዳትቆርጠው

ሐጂ ሸምሱ ጁባን ለቀው መሄዳቸውን የነገረኝ አንድ የቦዳ ሞተር ነጂ ነው። ከኮሎሎ ወደ ካቶር እየወሰደኝ ሳለ የድሮው ሱቃቸው ጋ ስንደርስ በአገጩ ጠቆመኝና «ሐጂ ታ ኩባያ ሩዋ» አለኝ። የብርጭቆው ሐጂ ሄደ ማለቱ ነው። አስቆምኩት። አረንጓዴ የነበረው በር ሰማያዊ ተቀብቷል። የሻይ ብርጭቆ ይደረደርበት የነበረው መስኮት የፀጉር ቅባት ተደርድሮበታል። ውስጥ ያለችውን ሻጭ ስጠይቃት ሱቁን አስረክበው ወደ አገራቸው ወደ ወራቤ መመለሳቸውን ነገረችኝ።

«በደህና ነው?» አልኳት።

«በደህና ነው እንጂ! ሸኚው ከመብዛቱ የተነሣ ኤርፖርት በር ላይ ፖሊሱ ‹የሚሄደው ሚኒስትር ነው ወይ?› ብሎ ጠይቋል። አንተ የት ነበርክ?»

ሥራ ልኮኝ ከከተማ ውጪ ነበርኩ። አለመሸኘቴ ቆጨኝ፤ ግን ከሱቁ ደጃፍ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ሐጂ ሸምሱን አስታውሶ ፊቱ የማይፈታ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ጁባ በገባሁ ሰሞን የተከራየሁት ክፍል ከሱቃቸው ጀርባ ባለው ግቢያቸው ውስጥ ነበር። ሐጂ ቁመታቸው አጠር፣ ሆዳቸው ገፋ ያለ፣ ነጭ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፍተው ግንባራቸውን ለፀሐይ የሚሰጡ ሰው ነበሩ። ስሜን አንድ ቀን ጠርተውኝ አያውቁም። «አንተ ጴንጤው» ነው የሚሉኝ። እሁድ ጠዋት ካረፈድኩ ደግሞ በሬን በቡጢ እየደበደቡ፣ «ተነሣ እንጂ! ፓስተርህ እኔን ነው የሚጠይቀኝ!» ይላሉ። ከቸርች ስመለስ ስብከቱ ስለ ምን እንደነበር ሳይጠይቁኝ አይቀሩም። ደስ ካላቸው ለደንበኛ ይነግሩታል፤ ካላማራቸው «ዛሬስ ሰውዬው ሳይዘጋጅ ነው የመጣው» ብለው ያልፉታል።

የጅምላ ነጋዴ ነበሩ። ሻይ ብርጭቆ፣ ሳህን፣ ፔርሙዝ ነው የሚሸጡት። ወደ ቦርና ወደ ቶሪት የሚሄደውን ዕቃ ማሸግ ለሠራተኛ አይተዉም። መሬት ላይ ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ብርጭቆ በጋዜጣ ይጠቀልላሉ፣ በመሃል በመሃሉ ድርቆሽ ይጎሰጉሳሉ። ሲጨርሱ ካርቶኑን ያነሡና በጆሯቸው አጠገብ ይነቀንቁታል። ዝም ካለ ሳም ያደርጉታል። ኮሽ ካለ ግን፣ «የሚያወራ ካርቶን አልልክም» ብለው ከሥሩ ይፈቱታል።

አንድ ቅዳሜ አጠገባቸው ቆሜ ሲያሽጉ እያየሁ፣ «ለመሆኑ አንተ ኮሎሎ ሄደህ የምትሠራው ምንድነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«እኔም አሽጋለሁ» አልኳቸው።

ቀልዴን ያልጨረስኩ መስሏቸው አፌን አፌን አዩኝ። ቢሮአችን ለእርዳታ ድርጅቶች የስልክ አፕ እንደሚሠራ፣ ኔትወርክ በሌለበት ገጠር ያሉ ነርሶች እንደሚጠቀሙበት፣ ሥዕሉም ድምፁም አብሮ ካልታሸገ አፑ እዚያ ሲከፈት ባዶ ቤት እንደሚሆን አስረዳኋቸው። የእኔ ድርሻ እነዚያን ፋይሎች አንድም ሳይጎድል፣ ስልኩም ሳይከብደው፣ አፑ ሆድ ውስጥ ከትቶ መላክ ነው።

ሐጂ ድርቆሹን ከእጃቸው አራገፉ። «አጂብ ነው! እና እስካሁን ምነው ሳትነግረኝ? ልዩነታችን እኮ ይህችው ናት፤ የእኔ እንዳይጮህ ነው የሚታሸገው፣ ያንተ እንዲጮህ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሰው ሲያስተዋውቁኝ «የሞያ ጓደኛዬ» ይሉኝ ጀመር። ሞያ የሚለውን ቃል ባነሡ ቁጥር ደግሞ አንድ ታሪክ ሳይተርኩ አይለቁም።

ጁባ በመጡበት ዘመን ሱቅ የላቸውም። ብርጭቆ ታቅፈው በካቶር መንገድ በፀሐይ ሲዞሩ፣ አንዲት ሻይ ሻጭ ከንፈራቸው መድረቁን አይታ «ኢታ ዴር ሞያ?» አለቻቸው። ሞያ በጁባ ዓረብኛ ውሃ ነው። ውሃ ትፈልጋለህ ወይ ብላ ነበር የጠየቀቻቸው። ሐጂ የሰሙት ግን ሌላ ነው። ሞያ ያስፈልግሃል የተባሉ መሰላቸው።

«ደሜ ፈላ» ይላሉ ሲተርኩ። «‹ሞያማ አለኝ! ነጋዴ ነኝ! የነጋዴ ልጅ ነኝ!› ብያት፣ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቆ መንገዴን ቀጠልኩ። ዞሬ ዞሬ ሊጥለኝ ሲል እግሬ እዚያው መለሰኝ። ሴትዮዋ ምንም አላለችኝም። በኩባያ ቀድታ ሰጠችኝና ‹ሞያ› አለችኝ። ጠጣሁ። እንደገና ቀዳችልኝ። ‹ሞያ።› አየህ፣ ውሃ ጠፍቶ አይደለም ልሞት የነበረው። ቃል ጠፍቶ ነው።»

ሴትዮዋ ማማ ክርስቲና ናቸው። የጁባን ቋንቋ ለሐጂ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ታዲያ አንድ እሁድ ከቸርች ስመለስ ሐጂ በር ላይ ጠበቁኝ። «አንተ ጴንጤው፣ ና እስቲ። አንድ አፕ እንሠራለን» አሉኝ። አዲስ ከአገር ቤት ለሚመጣ ሰው የሚሆን ነው። አማርኛውን ሲነኩት ጁባ ዓረብኛውን በድምፅ የሚናገር። ድምፁም የሌላ የማንም ሳይሆን የማማ ክርስቲና መሆን አለበት።

«ድምፆቹን ኢንተርኔት ላይ እናስቀምጣቸውና ሰው ሲፈልግ ያወርዳቸዋል፤ አፑም ቀላል ይሆናል» አልኳቸው።

«ሰው እኮ የሚጠማው ሲም ካርድ ሳይገዛ ነው። ሁሉም ውስጡ ይሁን። ስንቁን ይዞ ይሂድ» አሉኝ።

«ይሁን» አልኳቸው። በሥራዬም ለአለቆቼ ስነግራቸው የኖርኩት ይህንኑ ነው።

ማማ ክርስቲና ያን ጊዜ የሻይ ቦታቸውን ወደ ማንጋቴን አዛውረው ነበር። በሐጂ ፒክአፕ ሄድን። እዚያ ስንደርስ በአንድ በኩል ጄኔሬተር ይጮሃል፣ በሌላ በኩል ሰው ቆርቆሮ ይመታል። ድምፅ ለመቅዳት የሚሆን ቦታ አጣሁ። በመጨረሻ ማማ ክርስቲናን መኪናው ውስጥ አስገባናቸውና መስኮቱን ሁሉ ዘጋን። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። እሳቸው ፊት ወንበር ላይ፣ ሐጂ መሪው ላይ፣ እኔ ከኋላ ስልኬን በመሃላቸው ዘርግቼ፣ ሦስታችንም ላባችን እየተንጠባጠበ ጀመርን።

አንድ ነገር አላሰብንበትም። ማማ ክርስቲና አማርኛ አያውቁም፤ ስለዚህ የትኛውን ቃል እንደምንፈልግ የሚነግሯቸው ሐጂ ናቸው። ሐጂ ደግሞ በቃል መናገር እየቻሉ ማሳየት ይወዳሉ። «ጠማኝ» ለማስባል ምላሳቸውን እንደ ውሻ አንጠለጠሉ። «ታመምኩ» ሲሉ ዓይናቸውን ገለበጡ። «ውድ ነው» ላይ ሲደርሱ ዋጋ እንደተነገረው ሰው ደረታቸውን ይዘው መሪው ላይ ወደቁና የመኪናው ጥሩምባ አምባረቀ። ውጪ ያለው ሰው ሁሉ ወደ መኪናው ዞረ።

ማማ ክርስቲና «ጋሊ!» አሉና ሳቃቸው ገነፈለ። እሳቸው ሲስቁ ሳቁ ከሆድ ይነሣል፣ ትከሻቸውን ያርገፈግፋል፣ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት ቀጥኖ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ማቆም አልተቻለም። «ሞያ» ይሉና ይስቃሉ። «ሹክራን» ይሉና ይስቃሉ። አንድም ቃል ያለ ሳቅ አልቀዳሁም።

«ግዴለም ሐጂ፣ ቤት ስገባ ሳቁን እየቆረጥኩ አጠራዋለሁ» አልኩ።

ሐጂ ከመሪው ቀና አሉ። «ሳቁን እንዳትቆርጠው!»

«ፋይሉን ያከብደዋል እኮ።»

«ያክብደው! የሰው አገር ቋንቋ የሚያስፈራህ ስሳሳት ይስቁብኛል ብለህ ነው። ገና ሲጀመር እየሳቀች ካስተማረችህ ምን የምትፈራው ይቀርሃል? ወላሂ፣ አንዲት ሳቅ እንዳትነካ።»

አልነካሁም።

ሐጂ ቀጥሎ «መክፈቻ ላይ የኔ ምክር ይግባበት» አሉ። ክፍሌ ውስጥ ፍራሼን መስኮቱ ላይ አስደግፈን ለመቅዳት ተቀመጥን። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቢስሚላህ። ወደ ጁባ የምትመጡ ውድ ወገኖች ሆይ…» ብለው ባለሥልጣን በሚያስመስል ድምፅ ጀመሩ። ስለ ሙቀቱ አወሩ። ስለ ወባ አወሩ። እየቆየ ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «…ፀሐዩ መጀመሪያ ይከብድሻል፤ ኋላ ትለምጂዋለሽ። አጎበር ገዝቻለሁ። ግቢው ውስጥ ማንጎ አለ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላው እስከ በሩ ይደርስልሻል…»

ቀረጻውን አቆምኩት። «ሐጂ፣ ለሁሉም ከሆነ ‹እናንተ› ነው የሚባለው።»

«ልክ ነህ፣ ልክ ነህ። ቀጥል።»

ቀጠልኩ። «ወገኖቼ ሆይ፣ ሰውን አክብሩ። ሽማግሌ ሲያልፍ ተነሡ። ወጥ ቤቱን ደግሞ ሰፋ አድርጌ አሠርቼዋለሁ፤ ጠባብ ቤት እንደማትወጂ አውቃለሁ…»

እንደገና አቆምኩት። ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ነፊሳ ናት» አሉኝ። ሚስታቸው ናቸው። ሐጂ ጁባ ሲነግዱ እትዬ ነፊሳ ወራቤ ሆነው ልጆች አሳድገዋል። አሁን ልጆቹ ሁሉ ተድረው ወጥተዋል። «እሷ አንድ ቤት ብቻዋን፣ እኔ አንድ ቤት ብቻዬን። ትዳራችን ስልክ ላይ ቀረ። ነይ ስላት ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ? ‹ቋንቋውን በማላውቀው አገር ዲዳ ሆኜ አልኖርም።› እውነቷን ነው። ነፊሳ ገበያ ወጥታ ካልተከራከረች ቀኑ አይመሽላትም። እሷን ዝም አሰኝቶ ማኖር ግፍ ነው።»

«እና አፑ ለአዲስ መጤዎች አይደለም?»

«ነፊሳ አዲስ መጤ አይደለችም እንዴ?» አሉና ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ።

ንግግሩን እንዳለ፣ ‹አንቺ›ውንም ‹እናንተ›ውንም ቀላቅለን ጨረስነው።

አፑ ባለቀ ቀን ጀማል የሚባለው የሱቁ ሠራተኛ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሊበር ነው። እትዬ ነፊሳ ያሉበት ሰፈር ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ ከስልክ ወደ ስልክ የሚያስተላልፍላቸው እሱ ነው። ጀማል ሻንጣውን በር ላይ አድርጎ እየተቁነጠነጠ፣ ክፍሌ ውስጥ በሐጂ ስልክ ሞከርነው። ሐጂ «ውሃ» የሚለውን ነኩ። ማማ ክርስቲና «ሞያ» ብለው ሳቁ። ሐጂ ስልኩን በጆሯቸው አጠገብ ነቅንቀው ሳም አደረጉት። አፑን ለጀማል አስተላለፍንለት፤ ሄደ።

እትዬ ነፊሳ ሲደውሉ ሱቅ ውስጥ ነበርን። ሐጂ በደስታ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረጉት።

«ሰውዬ!» አሉ እትዬ ነፊሳ።

«አቤት ነፊሳ!»

«ዲዳ ሆኜ አልኖርም ብልህ ዲዳ ነገር ትልክልኛለህ? ሥዕሉ አለ፣ ጽሑፉ አለ። ብነካው፣ ብነካው ትንፍሽ አይልም። እንዲህ ነው የጁባ ሰው? አፉን ከፍቶ ዝም ይላል?»

ሐጂ እኔን አዩኝ። ስልካቸውን ተቀብዬ አፑን እዚያው ሱቁ ውስጥ ከፈትኩት። «ውሃ» የሚለውን ነካሁ። ጸጥ። «ሰላምታ» ነካሁ። ጸጥ። ያን ጊዜ ገባኝ። ክፍሌ ውስጥ ስንሞክረው አፑ ድምፆቹን በዋይፋይ ከላፕቶፔ እየሳበ ነበር የሚያጫውተው። ሆዱ ውስጥ ገብተው አልነበረም። ከላፕቶፔ ሲርቅ ድምፁም ቀረ።

«ሐጂ፣ የላክነው ባዶ ካርቶን ነው። ብርጭቆው እኔ ክፍል ቀርቷል» አልኳቸው።

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ጭናቸውን በመዳፋቸው መትተው በሳቅ ወደቁ። «አልሐምዱሊላህ! እኔ ብቻ አይደለሁማ! ቶሪት ላለ ደንበኛ አንድ ጊዜ ፔርሙዙን ረስቼ ድርቆሹን ብቻ አሽጌ ልኬ አውቃለሁ። ምን ብሎ እንደላከብኝ ታውቃለህ? ‹ድርቆሹ በደህና ደርሶናል፤ ፍየሎቹ ያመሰግኑሃል።›»

ድምፆቹን በትክክል ውስጡ አስገብቼ እንደገና አሸግሁት። ዋይፋዩን አጥፍቼ፣ ከግቢው ወጥቼ፣ መንገድ ዳር ቆሜ ሞከርኩት። ሳቀ። ጀማል ኢንተርኔት ወዳለበት ከተማ ወጥቶ አወረደውና ይዞ ተመለሰ። በማግስቱ ግን እሱ ደወለ። «ስልካቸው አልቀበል አለ። ቦታ የለም ይላል።»

«በምን ሞላ?» አልኩት።

«በልጅ ልጆቻቸው ፎቶና በመንዙማ።»

ከኋላው የእትዬ ነፊሳ ድምፅ ተሰማ። «የልጅ ልጆቼን አውጥቼ የሱን ካርቶን አላስገባም! ንገራቸው!»

ሥዕሎቹን አሳነስኩ። የድምፁን ጥራት የማያስከፋውን ያህል ዝቅ አደረግሁ። አሁንም ትንሽ ተረፈ። ሐጂን ማንጎው ሥር አግኝቼ፣ ቃሉን ሳንነካ ሳቁን ብቻ ብንቆርጠው እንደሚበቃ፣ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። እጃቸው ላይ የያዙትን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንሥተው ስንጥቅ እንዳለው ያዩ ጀመር።

«የኔ ምክርስ ምን ያህል ይከብዳል?»

«እሱማ ከሁሉም ይከብዳል።»

«አውጣው።»

«ሐጂ! እሱ እኮ ነው ለእሳቸው ብለው የተናገሩት። ስለ ማንጎው፣ ስለ ወጥ ቤቱ…»

«እኔን ታውቀኛለች» አሉ ረጋ ብለው። «ስንት ዘመን ስለፈልፍላት ሰምታኝ አልመጣችም። የማታውቀውን ትስማ። እኔን አውጣኝ።»

አወጣኋቸው። የእሳቸው ድምፅ አንድም አልቀረም፤ አማርኛውን ጽሑፉ ይናገራል፣ ጁባ ዓረብኛውን ማማ ክርስቲና ከነሳቃቸው። በዚህ መልኩ አሽጌ ላክሁት፤ የእትዬ ነፊሳ ስልክ ዋጠው።

ቀናት አለፉ። እትዬ ነፊሳ አልደወሉም። ሐጂ ሲደውሉ «ሥራ ላይ ነኝ» ይሏቸዋል። ሐጂ የሚያሽጉት ካርቶን ሁሉ ኮሽ ይል ጀመር። ፈትተው ያስሩታል፣ አሁንም ኮሽ ይላል። ደንበኛ ሲያናግራቸው ስልካቸውን ያያሉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ስልኩ ጮኸ፤ ሐጂ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረጉት።

«ሰውዬ፣ አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ» አሉ እትዬ ነፊሳ። ድምፃቸው ቀዝቃዛ ነው።

«ጠይቂኝ ነፊሳ።»

«ይህቺ የምትስቀው ሴት ማን ናት?»

ሐጂ እኔን አዩኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። «ሻይ ሻጭ ናት» አሉ።

«ሻይ ሻጭ። እሺ። ምንድነው የሚያስቃት? ‹ውሃ› ብሎ ሰው ይስቃል? ‹ሐኪም ቤት› ብሎ ሰው ይስቃል?»

«አይ፣ እኔ ነኝ ያሳቅኋት። ቃሉን እንድትረዳው ብዬ በምልክት ሳሳያት…»

ሐጂ ምልክቱን ለስልኩ ያሳዩት ጀመር። 

«አንተ እኔን ካሳቅኸኝ ስንት ዘመን ሆነህ?» አሉ እትዬ ነፊሳ።

ሐጂ የያዙትን ጋዜጣ እየጨመደዱ ቆሙ።

«እመጣለሁ» አሉ እትዬ ነፊሳ። «ይህችን ሴት በዓይኔ አያታለሁ።» ስልኩም ተዘጋ።

ሐጂ ሸምሱ ጋዜጣውን ወደ ላይ ወረወሩት። «ትመጣለች!» ብለው ጮኹ። ሱቁ ውስጥ የነበሩትን ደንበኞች አንድ በአንድ አቀፉ፤ አንዷን የማያውቋትን ሴትዮ ጭምር እጇን ጨብጠው አወዛወዟት። «ነፊሳ ትመጣለች!»

«ሐጂ፣ ተቆጥተዋል እኮ» አልኳቸው።

«ተቆጥታስ ቢሆን! በአውሮፕላን እኮ ነው የምትመጣው!»

ቤቱን ቀለም አስቀቡ። ወጥ ቤቱን አጥበው አልወጣላቸው ብሎ እንደገና አጠቡት። እትዬ ነፊሳ የመጡበት ቀን ኤርፖርት ከሐጂ ጋር ሄድኩ። ሐጂ አዲስ ጀለቢያ ለብሰው፣ ሲያዩዋቸው የሚሉትን ነገር በከንፈራቸው ያጠናሉ። መንገደኛው መውጣት ሲጀምር ከሰው መሃል የአንድ ተሸካሚ ሳቅ ተሰማ። ሻንጣ የሚገፋው ሰውዬ እንባው እስኪመጣ እየሳቀ ነው። ከጎኑ ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያሰሩ ሴት ይራመዳሉ።

ወደ እኛ ሲቃረቡ ሰውዬውን «ሹክራን» አሉት። ቀጥለውም፣ ፊታቸው ሳይፈታ፣ ከሆድ ተነሥቶ እንደ ፉጨት ቀጥኖ የሚያልቅ ሳቅ ሳቁ። ልክ የማማ ክርስቲናን። ተሸካሚው እንደገና ሆዱን ይዞ ጎበጠ። ያኔ ገባኝ። ስልኩ ላይ እያንዳንዱ ቃል በሳቅ ነው የሚያልቀው፤ እትዬ ነፊሳ ሳቁ የቃሉ ክፍል መስሏቸው አብረው አጥንተውታል።

ሐጂ ያጠኑትን ሁሉ ረሱት። «ነፊሳ… እንኳን ደህና መጣሽ» ብቻ አሉ።

እትዬ ነፊሳ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «ፀሐዩ ጠብሶሃል» አሉ። ቀጥለውም፣ «ቋንቋውስ ጥሩ ነው። ሳቁ ግን ያደክማል።»

ሐጂ ወደ እኔ ሲዞሩ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል፤ ሳቃቸውን አፍነው ሊፈነዱ ነው። ምንም እንዳልናገር በቅንድባቸው አስጠነቀቁኝ።

«በይ ወደ ቤት እንሂድ፣ ደክሞሻል።»

«ሴትዮዋ የት ናት?»

«ቤት ገብተሽ፣ ትንሽ አረፍ ብለሽ…»

«ሴትዮዋ» አሉ እትዬ ነፊሳ።

በቀጥታ ወደ ማንጋቴን ነዱ። መንገዱን ሁሉ እኔ ከኋላ ሻንጣ ታቅፌ፣ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ የእኔ ላፕቶፕ መሆኑን እያሰብኩ በውስጤ እጸልያለሁ።

ማማ ክርስቲና እሳት እያራገቡ ነበር። ፀጉራቸው ገብስማ ሆኗል፤ ፊት ለፊት አንድ ጥርስ የላቸውም። እትዬ ነፊሳ ከመኪናው ወርደው ቆመው አዩዋቸው። በስልክ ሲሰሟቸው ምን ዓይነት ሴት እንደሳሉ እንጃ፤ ይህችን አሮጊት እንዳልጠበቁ ግን ከአቋቋማቸው ያስታውቃል።

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ማማ፣ ዴ ማራ ታይ» አሉ። ሚስቴ ናት ማለታቸው ነው።

ማማ ክርስቲና እጃቸውን በቀሚሳቸው አብሰው ተነሡ። «ሰላም ታኪ!»

እትዬ ነፊሳ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ሰላም ታኪ» አሉ፤ ቀጥለውም እንደተማሩት ሳቁን፣ ከትከሻው እስከ ፉጨቱ፣ አንዲት ነገር ሳያስቀሩ አወጡት።

ማማ ክርስቲና ዓይናቸው ፈጠጠ። የገዛ ሳቃቸውን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሙ መጀመሪያ ወደ ኋላቸው ዞረው አዩ። ከዚያ ገባቸው። እውነተኛው ሳቅ ሲመጣ የሻይ ማንደጃው ሊገለበጥ ነበር። እትዬ ነፊሳ ትንሽ ታገሉ። ከንፈራቸውን ነከሱ። አልሆነላቸውም። በዚህ ጊዜ የወጣው ሳቅ የራሳቸው ነበር፤ አጭር፣ የሚፈነዳ፣ እንደ ልጅ የሚንተከተክ። ሐጂ ሰምተው ቁልፉን ከእጃቸው ጣሉት። እኔም የሐጂን ፊት እንዲያ ሆኖ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

ማማ ክርስቲና ዝቅተኛ ወንበራቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ እንግዳይቱ ገፉና «ጌኒ» አሉ።

እትዬ ነፊሳ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ቃል ስልኩ ውስጥ የለም።»

«ረስተነው ነው፣ እትዬ። ተቀመጪ ማለታቸው ነው።»

«ጌኒ» አሉ፣ የወጥ ጨው እንደሚቀምስ ሰው ቃሉን ምላሳቸው ላይ አዙረው። ተቀመጡ። ሻይ ተቀዳላቸው። ሁለቱ ያወሩ ጀመር። ቃል ሲያልቅባቸው በእጃቸው፣ እጅ ሲያልቅባቸው በቅንድባቸው ይቀጥላሉ። ማማ ክርስቲና ሐጂ መሪው ላይ እንዴት እንደወደቁ ሠርተው ሲያሳዩ፣ እትዬ ነፊሳ ሻዩ እስኪያንቃቸው ሳቁ። ከዚያ ማማ ክርስቲና ጠጋ ብለው አንድ ነገር ጠየቋቸው፤ መልሱንም ቃል በቃል እያስያዙ አስጠኗቸው።

ሐጂ ቁልፉን ከመሬት አንሥተው ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲቀያይሩ ቆዩ። በመጨረሻ፣ «ነፊሳ፣ እንሂዳ። ቤቱን እኮ ገና አላየሽውም» አሉ።

እትዬ ነፊሳ ቀና አሉ። «አና ቢ ጌኒ» አሏቸው። እቀመጣለሁ።

ሐጂ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው አንሾካሾኩ። «ምን ማለቷ ነው? ወንበሩ ላይ ነው ወይስ ጁባ?»

እኔም አላወቅሁም። ቃሉ እንደ አማርኛው ነው፤ ለወንበርም ለአገርም ይሆናል። እትዬ ነፊሳ ሹክሹክታውን ሰምተው ኖሮ ብርጭቆአቸውን ማማ ክርስቲና እንዲሞሉላቸው ዘረጉ።

«ሻንጣዬን ቤት አድርሰህ ልብሴን ቁም ሣጥን ውስጥ ስቀልልኝ። እኔ ሻዬን ጨርሼ እመጣለሁ።»

«መንገዱን አታውቂውም እኮ ነፊሳ!»

«እጠይቃለሁ» አሉ እትዬ ነፊሳ፣ ፊታቸውን ወደ ማማ ክርስቲና መልሰው።